ቦራው አይሸጥ

ደብዳቤህ ከደረሰኝ አራት ቀን ሆነው። ሁለት ጊዜ መልስ ጽፌ ሁለቱንም ቀደድኩት፣ ተቆጥቼ ስለጻፍኩት። አሁን ረጋ ብያለሁ።

ደብረ ማርቆስ የፋርማሲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነህ። ከሦስት መቶ ገጽ ያለፈ የወንጀል ልብወለድ በደብተር ጽፈህ ጨርሰሃል። ትምህርቱን አቋርጠህ አዲስ አበባ ገብተህ በድርሰት ብቻ ለመኖር አስበሃል። እነማይ ያሉት አባትህ ደግሞ ከጥማዱ አንዱን፣ ቦራውን፣ ከፋሲካ በፊት ሸጠው የማተሚያ ቤቱን ሊከፍሉልህ ነው። «ጋሼ፣ አባቴ ከፈቀደ እኔ ለምን እፈራለሁ?» ብለህ ጠየቅኸኝ።

የምትፈራው ስለሚያስፈራ ነው፣ ወንድም ዓለም።

አገርህ የጤፍ አገር ነው። ጤፍ ደግሞ መሬቱ አራት አምስት ጊዜ ተመላልሶ ካልታረሰ አይሆንም፤ ይህን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ጥማድ የነበረው ገበሬ አንድ በሬ ሲቀረው መቀናጆ ይገባል። አንድ ቀን ለጎረቤት፣ አንድ ቀን ለራሱ። ዝናቡ ግን ተራ አይጠብቅም። ክረምቱ ሲገባ አባትህ የሰው በሬ እየጠበቁ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ አንተ አዲስ አበባ የመጽሐፍ ሻጭ ደጅ ስትጠና ይታየኛል። ከአንተ በታች ሦስት ልጆች እንዳሉ ራስህ ጽፈሃል። አባትህ ይህን የሚያደርጉት በፍቅር መሆኑን አልጠራጠርም፤ ቢሆንም ተሳስተዋል። ቤተሰብ ልጁን «ይህን አትማር» ብሎ ሲጫነው ብዙ ሰው ይናገራል። ቤተሰብ ያለውን ሁሉ ሽጦ ልጁ ትከሻ ላይ ሲጭን ግን ዝም ይባላል። የሁለተኛው ሸክም ይብሳል፤ ባይሳካልህ አባትህን ቀና ብለህ ማየት ያቅትሃል።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። በ1999 ዓ.ም. አስተማሪ ሳለሁ አንድ ልብወለድ አሳተምኩ። ገንዘቡን የሰጠኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ የእቁብ ዕጣ ደርሶት ሳር ቤቱን ቆርቆሮ ሊያለብስበት ያስቀመጠውን። አንድ ሺህ ቅጂ ታተመ። አከፋፋዩ ከሽፋኑ ዋጋ ሠላሳ አምስት በመቶ ሊቆርጥ፣ የቀረውን ሲሸጥ ሊያስረክበኝ ተዋዋልን። ስድስት መቶውን ወሰደ። መጀመሪያ «ገበያው ቀዝቅዟል» አለኝ፣ ቀጥሎ ስልክ ማንሳት ተወ፣ በመጨረሻም ሱቁን ዘግቶ ሄደ። የቀሩትን አራት መቶዎች በየትምህርት ቤቱ ተሸክሜ እየዞርኩ ከግማሽ ዋጋ በታች ሸጥኩ። በዚያ ክረምት የወንድሜ ቤት ሲያፈስ ልጆቹ አልጋ ሥር ሲተኙ አይቻለሁ። እሱ አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከደመወዜ እየቆረጥኩ ከፈልኩት፤ ደመወዝ ስለነበረኝ ነው የከፈልኩት።

አሠራሩ ዛሬም ከዚያ ብዙ አልተለየም። በእኛ አገር አብዛኛውን ጊዜ አሳታሚው ራሱ ደራሲው ነው። ወረቀቱ ከውጭ ስለሚገባ ምንዛሪው ሲንር የማተሚያ ዋጋውም ይንራል። ማተሚያ ቤቱ ገንዘቡን ቀድሞ ይፈልጋል፤ ሻጩ ግን ለአንተ የሚከፍለው ሸጦ ሲጨርስ ነው። በመካከል ያለው ወራት በአንተ ጫንቃ ነው። መጽሐፉ ከተወደደ ደግሞ ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። ስሙ ያልታወቀ ወጣት በበሬ ዋጋ የሚገባበት ንግድ አይደለም።

«እውነተኛ ደራሲ ሁሉን ትቶ ይጽፋል» ያልከውን አልቀበልም። የመንግሥት ሥራውን ትቶ በብዕሩ ብቻ ለመኖር የቆረጠ ሰው ጎጃም ነበራት፣ ዓቤ ጉበኛ። አከብረዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን የተንገላታበትን ኑሮ አስባለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁን ደግሞ ተመልከት፣ ከዚሁ ከጎጃም። አርበኛ ነበሩ፣ ጣሊያን አገር ታስረዋል፣ ዲፕሎማት ሆነው ዓመታት አገልግለዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር። በዓሉ ግርማም ልብወለዶቹን የጻፈው የጋዜጠኝነት ሥራውን ይዞ ነው፤ የጋዜጠኛ ዓይኑ በየገጹ ይታያል።

የአንተ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም ይለያል፤ ወንጀል የሚጽፍ የፋርማሲ ተማሪ ነህ! እንግሊዛዊቷ የወንጀል ልብወለድ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ውስጥ ሠርታ የመድኃኒት ቅመማ ፈተና አልፋለች። እ.ኤ.አ. በ1920 በወጣው የመጀመሪያ መጽሐፏ ገዳዩ መርዝ ስትሪክኒን ነው፤ የት ተቀምጦ እንደሚውል፣ እንዴት እንደሚቀላቀል የምታውቀው ከዚያው ከሥራዋ ነው። ከዚያ መጽሐፍ ያገኘችው 25 ፓውንድ ብቻ ነበር፤ እስኪያልፍላት ድረስ ተርባ አልጠበቀችም። የሸርሎክ ሆምስ ፈጣሪ ኮናን ዶይልም ሐኪም ነበር፤ መርማሪውን የቀረጸው ኤዲንብራ ሕክምና ሲያስተምሩት የነበሩትን መምህሩን አይቶ ነው።

የላክልኝን ሦስት ምዕራፎች ሁለት ጊዜ አነበብኳቸው። የአዲስ አበባው የመኪና ሩጫ አላሳመነኝም፤ ፊልም ላይ ያየኸው ነው። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ግን ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ልጅቷ የሆስፒታሉ መጋዘን ውስጥ ኪኒን እየቆጠረች፣ ብልቃጡ ላይ ያለው የባች ቁጥር፣ አብሮ የተመረተ መድኃኒት መለያ፣ ከካርቶኑ ቁጥር ጋር እንደማይገጥም ስታይ፣ እጇ ቆጠራውን ሳያቋርጥ ዓይኗ ወደ በሩ ይሄዳል። እኔ ሠላሳ ዓመት ባነብ ይህን ልጽፈው አልችልም፤ መጋዘኑ ውስጥ ቆመህ ስላየኸው ነው። ትተኸው ልትሄድ ያሰብከው ቦታ ምርጥ ገጽህን የሰጠህ ቦታ ነው።

ስለዚህ ተመረቅ፣ ተቀጠር፣ ማታ ጻፍ። ጠዋት የሚቀናህ ከሆነ ጠዋት። ሥራ ስትመርጥ ደመወዙን ብቻ ሳይሆን ተረኝነቱንም ጠይቅ፤ በሳምንት ስንት ሌሊት ነጻ እንደምትሆን። እስከዚያው ደብተሩን በኮምፒውተር አስተይበው። ለማያውቁህ አሥር ሰዎች ስጥና የት ላይ ማንበብ እንዳቆሙ ጠይቃቸው። በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ ቴሌግራም ላይ ልቀቅ፤ ጠባቂ አንባቢ ካገኘህ ያን ጊዜ በራስህ ደመወዝ ስለማሳተም እናወራለን።

ሌሎቹን ጥያቄዎችህን ባጭሩ ልመልስ። ጽሑፌ ይሰረቃል ብለህ አትስጋ፤ በቅጂ መብት አዋጁ፣ በ410/1996፣ ሥራህ ጽፈህ ካስቀመጥክበት ጊዜ ጀምሮ የአንተ ነው። የብዕር ስም የፈለግከውን ያዝ። እጮኛህን በተመለከተ እኔ የሙያ አማካሪ ነኝ፤ ለእሷም ይህን ደብዳቤ አንብብላት።

መምህርህ «ልብ አንጠልጣይ ልብወለድ ጊዜ ማባከኛ ነው» ስላሉት ግን ዝም አልልም። እኔ ማንበብ የለመድኩት በቀን ኪራይ ከሱቅ በምወስዳቸው የስለላና የፍቅር መጻሕፍት ነው። ማሞ ውድነህን ያወቅኩት እንደዚያ ነው። ሽፋናቸው በማዳበሪያ ክር የተሰፋ ነበር። አንዱ የመጨረሻ ገጹ ተቀዶ ስለነበር፣ ከእኔ በፊት የተከራየውን ልጅ ፍለጋ ግማሽ ቀን በእግሬ ሄጃለሁ፤ መጨረሻውን አጥር ሥር ቆሞ ነገረኝ። የገበሬ ልጅን ይህን ያህል የሚያስኬድ ጽሑፍ ዋጋ የለውም የሚለኝን ሰው አልሰማም። አንተም አትስማ። የወንጀል ልብወለድህን አንገትህን ቀና አድርገህ ጻፈው።

ዛሬ ማታ ለአባትህ ደውል። መጽሐፉ እንዳልተተወ፣ ጊዜው ብቻ እንደተገፋ ንገራቸው። የባች ቁጥሯን ታሪክም በስልክ አንብብላቸው፤ ልጃቸው ምን እንደሚጽፍ እስካሁን አልሰሙም ብለሃልና። ከዚያ ቦራውን ለፋሲካ ገበያ እንዳይነዱት ለምናቸው።