የቪትዝ መሪ ሲከብድ ኮለኑን ለመቀየር አትቸኩል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን በደንብ አንብቤዋለሁ። መኪናህ የ2006 ሞዴል ቪትዝ ነው። ጠዋት ስታስነሳው፣ በተለይ ሌሊቱን ዘንቦ ካደረ፣ ፒኤስ የምትለዋ ቢጫ መብራት ትበራና መሪው ይጠጥራል። አጥፍተህ ስታስነሳው አንዳንዴ ይስተካከላል። መካኒኩ "ኮለኑ አልቆለታል፣ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ አስመጣ" ብሎሃል። ኮለን የሚሉት መሪውን የተሸከመውን ዘንግ ነው። ሌላ ሰው ደግሞ የመሪ ዘይት ጨምር ብሎ መክሮሃል። ቅዳሜ በዚሁ መኪና አዲስ አበባ መሄድ ይቻላል ወይ ብለህም ጠይቀሃል።

የዘይቱን ነገር ቶሎ እንለፈው። ያንተ መኪና የመሪ ዘይት የለውም። ፓምፕም፣ የዘይት ዕቃም የለውም። መሪህን የሚያግዝህ ከዳሽቦርዱ ስር ኮለኑ ላይ የተገጠመ ኤሌክትሪክ ሞተር ነው። እጅህ መሪውን በምን ያህል ኃይል እንደሚጠመዝዝ አንድ ሴንሰር ይለካል፣ ትንሽ ኮምፒውተር ያንን አይቶ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ ይልካል። በቃ ይኸው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መታየት ያለበት ኤሌክትሪኩ ነው።

እኔም ተመሳሳይ መኪና ነው የምነዳው፣ ጅማ ውስጥ፣ ዓመታት ሆኖኛል። የሰፈር ሰው መሪ በከበደው ቁጥር ቴስተሬን ይዤ እወጣለሁ። ካየሁት ተነስቼ የምነግርህ፣ አጥፍተው ሲያስነሱት የሚድን መሪ ኮለኑ አልቆለታል ተብሎ አይፈረድበትም። የሚመጣና የሚሄድ ችግር ሲሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው ባትሪ፣ ማሳ (የባትሪውን ኔጌቲቭ ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው ገመድ)፣ ፊውዝና ሶኬት ነው። ኮለን የመጨረሻው ነው።

ለምን መሰለህ? መኪናው ቆሞ መሪውን ስታዞር ያ ሞተር በአስር የሚቆጠር አምፒር ይስባል። ከሞተር ማስነሻው ቀጥሎ እንዲህ ኤሌክትሪክ የሚጎርስ ዕቃ መኪናው ላይ ብዙ የለም። ቮልቴጅ ሲወርድ ኮምፒውተሩ እገዛውን ያቋርጣል፣ መብራቷን ያበራል። ሬዲዮውም የፊት መብራቱም ይሠራሉ፣ ስለዚህ ባትሪው ደህና ይመስልሃል። ደካማ ባትሪ ግን መጀመሪያ የሚጋለጠው መሪው ላይ ነው። ጠዋት ደግሞ ባትሪው ሌሊቱን በብርድ አድሯል፣ ገና ማስነሻው ጉልበቱን ወስዶበታል፣ ዝናብ ስለሆነ ዋይፐሩም መብራቱም የመስታወት ማድረቂያውም አንድ ላይ ይከፈታሉ። ያንተ ችግር የሚመጣበት ሰዓት ራሱ ብዙ ይናገራል።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ቁልፍ ከመንካትህ በፊት ኮፈኑን ክፈትና በዲጂታል ቴስተር ባትሪውን ለካ። ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ወርዷል፣ ከ12 በታች ከሆነ ሌላ ምክንያት አትፈልግ። ከዚያ ሰው ያስነሳልህ፣ አንተ ቁጥሩን እይ። በሚነሳበት ቅጽበት ከ10 ብዙ መውረድ የለበትም። ከተነሳ በኋላ ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። አሁን መብራቱን፣ ዋይፐሩንና ፋኑን አብራና ረዳትህ መሪውን ግራ ቀኝ ያዙረው። ያን ጊዜ ከ13 በታች እየወረደ ከሆነ ዲናሞውን ወይም የዲናሞውን ቺንጋ ጠርጥር።

ባትሪው ደህና ከሆነ ወደ ማሳው ሂድ። ጅማ ላይ እኔ በጣም የምጠረጥረው እሱን ነው። እዚህ ዝናቡ ክረምት ብቻ ብሎ አይጠብቅም፣ ቀዩ ጭቃ የማይገባበት የለም፣ ከጭቃው በኋላ ደግሞ ላቫጆ ወስደን በከፍተኛ ግፊት ውሃ እናስመታዋለን። በነገራችን ላይ ኮፈን አስከፍተህ ሞተር አታሳጥብ። ውሃው ሶኬት ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

አጂፕ አካባቢ የሚኖር አንድ ጓደኛዬ መኪና ላይ ያየሁትን ልንገርህ። ከባትሪው ኔጌቲቭ ተነስቶ ቦዲው ላይ የሚታሰረው ገመድ ከላይ ሲያዩት ንጹሕ ነው፣ ብሎኑም ጠብቋል። ፈትቼ ገልበጥ ሳደርገው የገመዱ ጫፍ ከስር አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል፣ የተቀመጠበት ብረት ደግሞ ዝጎ እንደ ቅርፊት ይላላጣል። በብርጭቆ ወረቀት ሁለቱንም እስኪያበሩ ፈተግናቸው፣ አጥብቀን አሰርን፣ ከላይ ግሪስ ቀባን። ያቺ ቢጫ መብራት ከዚያ ወዲህ አልበራችም። እሱም መካኒክ ኮለን ግዛ ብሎት ነበር።

ሳትፈታም ማወቅ ትችላለህ። ሞተሩ ተነስቶ ሳለ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ቀለም ያልነካው የቦዲ ብረት ላይ አድርግ። ረዳትህ መሪውን ያዙር። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየህ ማሳው ችግር አለበት። ከባትሪው ወደ ካምቢዮው የሚወርደውን የማሳ ገመድም በዚሁ መንገድ እይ። የባትሪውን ራስ ማያዣዎችም በእጅህ ነቅነቅ አድርጋቸው። በእጅ የሚዞር ማያዣ ልቅ ነው።

ቀጥሎ ፊውዝ። የመሪው ፊውዝ ትልቅ ነው፣ ኮፈን ስር ባለው ሳጥን ውስጥ ታገኘዋለህ፣ ክዳኑ ላይ ኢፒኤስ (EPS) የሚል ጽሑፍ ፈልግ። መቃጠሉን ብቻ አትይ። እግሮቹ ጠቁረው ወይም ፕላስቲኩ ቀልጦ ከሆነ ግንኙነቱ ላልቶ ይሞቃል ማለት ነው። እባክህ በሽቦ አታገናኘው፣ ከተጻፈበት የበለጠ አምፒርም አትክተትበት። ያ ሽቦ በዳሽቦርዱ ውስጥ የሚያልፍ ነው፣ እሳት ያመጣል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ መኪናህ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ነው? ከሆነ ከዳሽቦርዱ ስር ተቆርጠው የተቀጠሉ ሽቦዎች ሊኖሩ ይችላሉ። በስኮች ብቻ የተጠቀለለ ቅጥል እርጥበት ሲያገኘው ይበላሻል። ጎበዝ የመኪና ኤሌክትሪሻን የመሪውን ወፍራም ሽቦዎችና የሴንሰሩን ቀጫጭን ሽቦዎች አንድ በአንድ ተከትሎ ይይልህ። መሪው የዞረ መኪና ላይ ከባትሪና ከማሳ ቀጥሎ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

ይህ ሁሉ ንጹሕ ከሆነ የመሪው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አስነብብ። በስልክ የሚሠራው ትንሿ የብሉቱዝ መሣሪያ ብዙ ጊዜ የሞተሩን ኮድ ብቻ ነው የምታነበው፣ "ኮድ የለም" ብትልህ አትመናት። የመሪው ክፍል ውስጥ የሚገባ ስካነር ያለው ጋራዥ ሂድ። ኮዱ በቁጥር ይጻፍልህ፣ "ሴንሰር ነው" የሚል ቃል አይበቃም። ቶዮታ ላይ ከሲ1511 እስከ ሲ1514 ያሉት የመሪውን ጥምዘዛ የሚለካውን ሴንሰር ይመለከታሉ። ሲ1515 ካየህ ዜሮ ነጥቡ፣ ማለትም ሴንሰሩ መሪው አልተጠመዘዘም ብሎ የሚቆጥርበት ነጥብ፣ አልተስተካከለም ማለት ነው፣ እሱ በስካነር ይሠራል፣ ዕቃ አያስገዛም። ሲ1551 እና ሲ1552 ደግሞ የኃይል አቅርቦት ናቸው፣ ወደ ባትሪውና ፊውዙ ይመልሱሃል።

መብራቷ ሳትበራ የሚከብድ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የፊት ጎማዎችህን ንፋስ ጎሚስታ ጋ አስለካ፣ ልኩ ሹፌሩ በር አጠገብ ተለጥፏል። መርካቶ ጠባብ ቦታ ለማቆም መሪውን ደጋግመህ እስከ ጥግ ካዞርክ የመሪው ሞተር ይሞቅና ራሱን ለመጠበቅ እገዛውን ይቀንሳል፣ ሲበርድ ይመለሳል፣ ያ ብልሽት አይደለም። ፊቱን በክሪክ አንስተህ መሪውን ስታዞር አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚይዝ ከሆነ የኮለኑ ክሮቼራ (የዘንጉ መገጣጠሚያ) ወይም የአሞርዛተሩ የላይ ኩሽኔት ነው፣ ከኤሌክትሪኩ ጋር አይገናኝም።

ኮለን ግዛ የምልህ ኃይሉ፣ ማሳውና ሽቦው ንጹሕ ሆኖ የሴንሰር ወይም የመሪው ሞተር ኮድ እየተመለሰ ሲያስቸግር ብቻ ነው። ያኔም ያገለገለውን ከነኮምፒውተሩ ግዛ፣ ከተመሳሳይ ሞዴል። ከተገጠመ በኋላ ጎማው ቀጥ ብሎ፣ ማንም መሪውን ሳይነካ ዜሮ ነጥቡ በስካነር ይስተካከል። ያ ካልተደረገ መሪው ወደ አንድ ጎን ሊስብ ይችላል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ባትሪው ተነቅሎ ትንሽ ይቆይ፣ መሪው ላይ ኤርባግ አለ። "እኔ ያለዚያ እሠራዋለሁ" ለሚል ሰው መኪናህን አትስጥ።

የቅዳሜውን ጉዞ በተመለከተ፣ እገዛው ቢጠፋም መሪው ጎማዎቹን ማዞሩን አያቆምም፣ ፍጥነት ሲጨምርም ይቀላል። እኔን የሚያሰጋኝ ክብደቱ አይደለም። ግቤ በረሃ ቁልቁለት ላይ፣ ጥምዝ መሃል፣ እገዛው በድንገት ሲጠፋ ወይም በድንገት ሲመለስ ነው። እጅህ የለመደው ኃይል ይለወጥና መኪናው ከመስመሩ ይወጣል። ከፊትህ ደግሞ የጭነት መኪና ይመጣል። ስለዚህ ባትሪውንና ማሳውን ሐሙስ ጨርስ። ዓርብ ጠዋት ከዝናብ በኋላ አስነስተህ እስከ ሰርቦ ደርሰህ ተመለስ። መብራቷ አንዴም ካልበራች ሂድ። አንዴ እንኳ ከበራች መኪናውን ቤት አቁመህ በአውቶቡስ ሂድ። ስትለካ ያገኘኸውን ቮልትና የኮዱን ቁጥር ጻፍልኝ፣ ቀጣዩን አብረን እናየዋለን።