እናትሽ ሽፈራው ይብሉ፤ እንክብሉን ግን አይተዉ

"እናቴ ስኳርና ግፊት አለባት። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ የሚባሉ የስኳር እንክብሎች ትወስዳለች። አሁን ሰዎች ሽፈራው ስኳርን ያጠፋል ስላሏት መድኃኒቱን ልትተው ነው፤ ምን ትላላችሁ?" ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ መልሱን ላስቀድም። እንዳይተዉ። ሽፈራውን (ሞሪንጋ የሚባለውን ዛፍ ቅጠል) መብላት ይችላሉ፤ እንክብሉን ግን በራሳቸው ውሳኔ አያቁሙ። ምክንያቱን ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

እኔ ያደግሁት አርባ ምንጭ ነው፤ አሁን የምሠራው አዲስ አበባ፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ። እኛ ጋ ሽፈራው ጎመን ነው። ጋሞዎች ሀሌኮ ይሉታል፤ በየጓሮው አለ። ኮንሶ ብትሄጂ ደግሞ በእርከኑ ላይ ከማሽላው ጋር ቆሞ ታገኚዋለሽ። ቅጠሉ ከዘንጉ ይሸመጠጣል፣ ይታጠባል፣ እስኪለሰልስ ይቀቀላል። ከበቆሎ ወይም ከማሽላ ዱቄት ድቡልቡል ጋር ሲሠራ ኩርኩፋ ይሆናል። ዝናብ ጠፍቶ ሌላው ቅጠል ሁሉ ሲደርቅ እሱ አረንጓዴ ነው፤ ለዚህ ነው ደቡቦች የሚወዱት። ፕሮቲን አለው፣ ካልሲየም አለው፣ ቫይታሚን ኤ አለው። ሆድ ቁርጠትና ግፊት ላለበት ሰው ውኃውን የሚያጠጡ እናቶችም ነበሩ፤ ግን ዋናው ነገር ምሳ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ግን ዱቄት ሆኖ፣ በፌስታል ታሽጎ፣ "300 በሽታ ይፈውሳል" ተብሎ ተለጥፎበት ይሸጣል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ምንም አይሠራም እያልኩ አይደለም። እነ እያሱ መኮንን የተባሉ ተመራማሪዎች የእኛኑ ሽፈራው ቅጠል በውኃ አውጥተው ጥንቸሎች ላይ ሞክረው፣ ውጤቱን በ1997 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። የደም ስኳሩን ዝቅ አድርጎታል። በጉልበት ግን ከግሊቤንክላሚድ ያንሳል። ልብ በይ፣ ግሊቤንክላሚድ እናትሽ የሚውጡት እንክብል ነው። ጠንካራውን ትቶ ደካማውን መያዝ ምን ይሉታል? ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ስለ ሞሪንጋ የምታነቢው አብዛኛው የህንዱን ዝርያ የሚመለከት ነው። የእኛው ሌላ ዝርያ ነው፤ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎችም ጥቂትና ትንንሽ ናቸው። ስለዚህ "በቀን ሁለት ማንኪያ" የሚልሽ ነጋዴ ከራሱ ነው የሚያወራው።

ብዙ ሰው "ባይጠቅም አይጎዳም" ይላል። እኔን ግን የሚያስፈራኝ መሥራቱ ነው። ግሊቤንክላሚድ ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል፤ በተለይ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ፣ በተለይ ምግብ ሲዘገይ። ጾም ሲሆን እንክብሉን በውኃ ዋጥ አድርገው እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ እናቶች ሞልተዋል። በዚያ ላይ ወፍራም የሽፈራው ሻይ ሲደረብበት አስቢው። ላብ ያጠምቃቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸው ብዥ ይላል፣ ነገር ይምታታባቸዋል። ቤተሰቡ "ጾሙ አድክሟት ነው" ብሎ ያስተኛቸዋል። አታስተኟቸው። ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ለስላሳ ወዲያው ስጧቸው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም ሳትጨምሩ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

በሌላ በኩል እንክብሉን የሚተዉት አሉ። አንድ ደንበኛችን የሆኑ አባት ሽፈራው ጀምረው መድኃኒቱን እርግፍ አድርገው ተዉት። ስጠይቃቸው "ደህና ነኝ፣ ምንም አላመመኝም" ይሉኛል። ስኳር ቀስ እያለ ሲወጣ መቼ ያማል! በኋላ የእግር ጣታቸው ላይ የወጣ ቁስል አልድን ሲል ነው የተመለሱት። ያኔ እንክብል ብቻውን አልበቃም፣ ኢንሱሊን ታዘዘላቸው።

እናትሽ እሺ ካላሉሽ እንዲህ አድርጊ። ቅጠሉን እንደ ጎመን ሠርተሽ በሳምንት የተወሰነ ቀን ስጫቸው፤ በሽንኩርትና በዘይት ጥሩ ይሆናል። ያንን ማንም አይከለክላቸውም። ዱቄት ከሆነ ደግሞ ቀለሙን እዪ። ጥላ ውስጥ የደረቀ ደህና አረንጓዴ ነው፤ ቡናማ የሆነውን አትግዢ፣ ወይ ፀሐይ በልቶታል ወይ ከርሟል። ሥሩንና ቅርፊቱን ግን ማንም "ይበረታል" ቢልሽ ቤትሽ አታስገቢ። እርጉዝ ሴት ያለችበት ቤት ከሆነማ ጭራሽ።

የስኳር መለኪያ ግዙ። ሽፈራውን ከመጀመራቸው በፊት ጠዋት በባዶ ሆድ ለክተሽ ጻፊው፣ ከጀመሩም በኋላ ቀጥይ። ከ70 (mg/dL) በታች ከወረደ ቅድም እንዳልኩሽ ጣፋጭ ሻይ ወይም ለስላሳ ሰጥታችሁ ለሐኪማቸው ንገሩ። እየወረደ ደስ የሚል ቁጥር ከመጣም ለሐኪሙ አሳዪው፤ መጠኑን የሚቀንሰው እሱ ነው። ሐኪሙ ይቆጣል ብለሽ ሽፈራውን አትደብቂው። እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ ሐኪሞች የሚናደዱት ሲደበቁ ነው።

አንድ ነገር አልጻፍሽም፦ የግፊት መድኃኒታቸው ምንድን ነው? የእንቅርት ሆርሞን እንክብል ወይም ዋርፋሪን የሚባል ደም ማቅጠኛስ ይወስዳሉ? ዋርፋሪን ካለ ነገሩ ይለያል፤ አረንጓዴ ቅጠል በድንገት ማብዛት መድኃኒቱን ያዛባዋል። የእንክብሎቹን ስም ከነሚሊግራሙ ጻፊልኝና እንነጋገርበታለን።