ጥያቄና መልስ፦ ግረብ አዲሱን ፓርቲሽን «አላውቀውም» ሲል

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ጉዳይ ላይ አረፉ፤ ግረብ ላይ፣ ማለትም ኮምፒውተር ሲበራ ሊኑክስን በሚያስነሳው ፕሮግራም ላይ። ፓርቲሽን የምንለው ደግሞ የዲስክ ክፍልን ነው። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

«ፖሊ ግቢ ተማሪ ነኝ። አዲስ ኤስኤስዲ ገዝቼ በአዲስ ሊኑክስ ፍላሽ ኤክስት 4 (ሊኑክስ ፋይሎችን በዲስክ ላይ የሚያደራጅበት ፋይል ሲስተም) አድርጌ ፎርማት አደረግሁት፤ የቆየውን ኡቡንቱ 22.04 ገለበጥኩበትና ግረብን ጫንኩ። ሲነሳ "ፋይል ሲስተሙ አይታወቅም" ብሎ ይቆማል። በፍላሹ ስገባ ግን ፋይሎቼ አሉ። ጥገና ቤት ዲስኩ ተበላሽቷል፣ ድጋሚ ይፎርማት አሉኝ። የመመረቂያ ሥራዬ እዚያ ላይ ነው።»

እህቴ፣ እባክሽ አታስፎርሚው። ፍላሹ ፋይሎችሽን ካነበበ ዲስክሽ ጤነኛ ነው፤ ያልተግባቡት ፎርማት ያደረገው ፕሮግራምና ግረብ ናቸው። ኤክስት 4ን የሚፎርማተው ኢ2ኤፍኤስፕሮግስ የካቲት 2023 በወጣው 1.47.0 ላይ «ሜታዳታ ሲሰም ሲድ» የሚባል ባሕርይ ሳይጠየቅ ማብራት ጀመረ። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ያለው ግረብ 2.06 ደግሞ 2021 የወጣ ስለሆነ ይህን አያውቅም። ይህ ባሕርይ «የማያውቀኝ አይንካኝ» ከሚሉት ምድብ ስለሆነ ግረብ ፓርቲሽኑን በሙሉ ይተወዋል።

መፍትሔው አጭር ነው። በፍላሹ አስነሺ፤ ፓርቲሽኑ ማውንት አለመደረጉን (ለአጠቃቀም ተከፍቶ አለመሆኑን) አረጋግጪ። ያለመረጃ ግልባጭ ምንም አትንኪ፤ መብራት መሐል ላይ ሊሄድ ይችላልና የመመረቂያ ሥራሽን አስቀድመሽ ሌላ ቦታ አኑሪ። ከዚያ የፋይል ሲስተም መመርመሪያውን ኢ2ኤፍኤስሲኬ አስኪደሽ፣ ባሕርያቱን በሚቀይረው በቲዩን2ኤፍኤስ፣ በትልቁ «ኦ» አማራጭ (-O)፣ ከባሕርዩ ስም (metadata_csum_seed) ፊት የቆብ ምልክት (^) አድርገሽ ባሕርዩን አጥፊው። አንድም ፋይል አይጠፋም። ታኅሣሥ 2023 የወጣው ግረብ 2.12 ባሕርዩን ስለሚያውቅ እሱ ካለሽ ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

ጥገና ቤት ያላችሁ ወንድሞችም ይህን ልብ በሉልኝ። የሰው የዓመታት ልፋት በአንድ ፎርማት ሲጠፋ አይቻለሁ፤ ያማል።

«ዓባይ ማዶ ነኝ። ፓርቲሽኑን ዳግም ፎርማት ካደረግሁ ወዲህ ግረብ ረጅም ቁጥር ጠቅሶ "እንዲህ ያለ ዲቫይስ የለም" ይለኛል።»

ፎርማት ሲደረግ ፓርቲሽኑ አዲስ መለያ ቁጥር ያገኛል፤ ግረብ የሚፈልገው የድሮውን ነው። አዲሱን ቁጥር መለያ ቁጥሮችን በሚያሳየው ትእዛዝ በቢኤልኬአይዲ አይተው፣ ሲነሳ የሚከፈቱት ፓርቲሽኖች በተዘረዘሩበት ፋይል፣ ኤፍኤስታብ ውስጥ ያስተካክሉ፤ ከዚያ በፍላሽ አስነስተው በቺሩት (ዲስኩ ላይ ወዳለው ሲስተም በሚያስገባው ትእዛዝ) ገብተው የግረብን ዝርዝር እንደገና ያውጡ።

«ግረብ ካደስኩ በኋላ ዊንዶውስ ከምርጫው ጠፋ።»

አልጠፋም። ከ2.06 ጀምሮ ግረብ ሌሎች ሲስተሞችን ራሱ መፈለግ አቁሟል። በግረብ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ኦኤስ ፕሮበርን (ሌሎች ሲስተሞችን የሚፈልገውን ፕሮግራም) የሚከለክለውን መስመር «ፎልስ» አድርገህ ዝርዝሩን አድስ።

«ዘጌ መምህር ነኝ። በእርዳታ የመጣ አሮጌ ኮምፒውተር አለን፤ ግረቡ 0.97 ነው። አዲስ ፎርማት ያደረግነውን ፓርቲሽን ሲያይ "ስህተት 2" ይላል።»

መምህር፣ ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ ታላቅ ወንድም ነው። ያኔ የተለወጠው የአይኖድ፣ ማለትም ስለ እያንዳንዱ ፋይል መረጃ የሚይዘው መዝገብ፣ መጠን ነበር፤ ከ128 ወደ 256 ባይት አደገ፣ አሮጌው ግረብ ግን 128 ብቻ ያነባል። ለቡት (ለማስነሻ ፋይሎች) የሚሆን ትንሽ ፓርቲሽን ለይተው በኤክስት 3፣ አይኖዱን 128 አድርገው ይፎርማቱ። ሌላውን ፋይል ግን እዚያ አያኑሩ፤ የ128 አይኖድ ቀን መቁጠሪያ፣ ይህን በእኛ አቆጣጠር ልጻፈውና፣ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ንጋት 12 ሰዓት ከ14 ላይ ያበቃል፤ ልክ በጥምቀት ማለዳ። ከተቻለ ግን ግረብ 2 ይጫኑ፤ አሮጌ ማሽንም ይችለዋል።