ድህረ ፈተናው 83 ስለሆነ ብቻ ስልጠናው ውጤታማ ነው እንበል?

የእህታችንን ጥያቄ ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ወረዳዋ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የታመሙ ሕፃናት ሕክምና ላይ የአምስት ቀን የሥራ ላይ ስልጠና ሰጥቷል። የቅድመ ፈተናው አማካይ 54፣ የድህረ ፈተናው 83 ነው። «ይህን ይዤ ስልጠናው ውጤታማ ነበር ብዬ ሪፖርት ልጻፍ ወይ?» ነው የምትለው።

እህቴ፣ አይበቃም። እኔ አባይ በረሃ ዳር ባለ ወረዳ ጤና መኮንን ሆኜ ስሠራ በጤና ጣቢያችን ሥር ያሉትን አምስት ጤና ኬላዎች እከታተል ነበር። ከዚያ ያየሁትን ልንገርሽ።

ያኔ እኛም እንዳንቺ በፈተና ውጤት ደስ ብሎን ነበር። ከሦስት ወር በኋላ 96 ያመጣችው ልጅ ጋ ሄድኩ። መዝገቡን ከፈትኩ። ሳል ይዘው የመጡት ሕፃናት ሁሉ የአተነፋፈስ ቁጥራቸው 40፣ 44፣ 40፣ 44 እያለ ነው የሚሄደው። ሙሉ ደቂቃ ተቆጥሮ ቢሆን 37ም፣ 43ም፣ 51ም መኖር ነበረበት። አልተቆጣሁም፤ ቁጭ ብለን አወራን። ደቂቃ የምትይዝበት ታይመሩ ከቆመ አራት ወር ሆኖታል። ስልኳን እንዳትጠቀም መብራት የለም፣ ቻርጅ የምታስደርገው ገበያ ስትወጣ ነው። ስለዚህ በዓይኗ ትገምታለች። ስልጠናውን ረስታው አይደለም፣ ሁሉንም ታውቀዋለች።

በማግስቱ ዝቅተኛ ውጤት ካመጡት አንዷ ጋ ሄድኩ። ሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አንዲት እናት የስምንት ወር ልጅ ይዛ መጣች፣ ልጁ ያለቅሳል። ባለሙያዋ አልቸኮለችም። «ጡት ስጪው» አለቻት። ልጁ ጸጥ እስኪል ጠበቀች፤ ከዚያ ልብሱን ገልጣ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች። 54። በዚህ ዕድሜ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን አተነፋፈስ ነው፤ በትክክል የሳንባ ምች አለች። ሳጥኑን ስትከፍት መድኃኒቱ፣ አሞክሳሲሊን፣ የለም። ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ሪፈር ጻፈችለት። እናትየዋ ያንን ሁሉ መንገድ ልጅ አዝላ ልትሄድ ነው። የዚያች እናት ፊት እስከዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ ስልጠናውን ከመመዘንሽ በፊት የተማሩትን የሚሠሩበት ዕቃና መድኃኒት መኖሩን ቁጠሪ። ታይመር፣ አሞክሳሲሊን፣ ኦአርኤስ፣ ዚንክ፣ የወባ መመርመሪያ። ያለቀው መቼ እንደሆነ ጭምር ጻፊ። አለዚያ የአቅርቦት ችግር የባለሙያዋ ድክመት ሆኖ ሪፖርት ላይ ይወጣል። ይህ ትልቅ በደል ነው።

ዶናልድ ኪርክፓትሪክ የተባለ አሜሪካዊ በ1959 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው አራት የስልጠና መመዘኛ ደረጃዎች አሉ፦ ሠልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረ ወይ፣ ሥራው ላይ አዋለው ወይ፣ ለውጥ መጣ ወይ። የእኛ ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ላይ ይቆማል። የመጀመሪያው ለእኔ ብዙም አይነግረኝም። የመጨረሻው ቀን አበል እየተጠበቀ የሚሞላ ቅጽ ላይ ሁሉም «በጣም ጥሩ» ነው የሚለው። ጊዜሽንና ነዳጅሽን ሦስተኛው ላይ አውይ። አራተኛው ላይ ተጠንቀቂ፤ 5,000 ሰው ባለበት ቀበሌ የሕፃናት ሞት ቀነሰ አልቀነሰ ብሎ በስድስት ወር መናገር አይቻልም፣ ቁጥሩ ትንሽ ነው። የታካሚ ቁጥር ካወዳደርሽም ኅዳርን ከየካቲት ጋር አይደለም፣ ኅዳርን ካምናው ኅዳር ጋር ነው። ወባ ወቅት አለው።

ስልጠናው በዙር ከሆነ ደግሞ ዕድል አለሽ። ሁለተኛው ዙር ሳይሠለጥን በፊት የእነሱንም መዝገብ እይ። ከመጀመሪያው ዙር ጋር ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆንሻል።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፦ ባለሙያዋ ስትሠራ ልታዪ የሄድሽ ቀን የታመመ ልጅ ላይመጣ ይችላል። እኔ በክትባት ቀን እሄድ ነበር፤ ቀደም ብዬም በሴቶች ልማት ቡድን በኩል አስነግራለሁ። ካልሆነ ስልክ ላይ የሕፃን አተነፋፈስ ቪዲዮ ይዘሽ አስቆጥሪያት።

እናቶችንም በር ላይ ጠብቀሽ ጠይቂ። «ዚንኩን ስንት ቀን ስጪው አለችሽ?» በይ። «ተቅማጡ ቢቆምም አሥር ቀን» ካለችሽ ስልጠናው እዚያ ቤት ድረስ ደርሷል ማለት ነው። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይህን መልስ ነው።

ደግሞ በስልጠናው ሳምንት ጤና ኬላው ተዘግቶ እንደነበር ጠይቂ። የአንድ ቀበሌ ሁለቱም ባለሙያዎች አንድ ላይ ሲጠሩ ከመንገዱ ጋር ሳምንት ሙሉ በሩ ቁልፍ ነው። ይህም የስልጠናው ዋጋ ነውና ሪፖርቱ ውስጥ ይግባ።

54 እና 83ን አትጣያቸው፣ ጻፊያቸው። ግን ከሥራቸው «የሦስተኛ ወር ክትትል ይቀራል» በይና ቀኑን አስቀምጪ። ስትሄጂም ከመጋዘን ሁለት ሦስት የሚሠራ ታይመር አስወጥተሽ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ።