ከኢንቴል ወደ ኤኤምዲ ለመሻገር

ጥያቄ፦ ራሴ የገጣጠምኩትን ኮምፒውተር ከኢንቴል ኮር አይ5-8400 ፕሮሰሰር ወደ ኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 ለማሳደግ አስቤአለሁ። ማዘርቦርዱና ዲዲአር4 ራሙ ያገለግሉኛል? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ማዘርቦርዱ አያገለግልም፤ የያዙት ፕሮሰሰር የሚቀመጠው በኤልጂኤ 1151 ሶኬት (በቦርዱ ላይ ያለ የፕሮሰሰር መሰኪያ) ላይ ሲሆን ራይዘኑ የሚፈልገው ግን ኤኤም4 ነው። ራሙን ማቆየት ይችላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን ኤኤም5 ሶኬት ቢመርጡ ኖሮ ዲዲአር5 ብቻ ስለሚቀበል እሱንም መግዛት ግድ ይሆንብዎ ነበር። ያገለገለ ቦርድ የሚገዙ ከሆነ፣ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ ሶፍትዌር) የ5000 ተከታታይ ፕሮሰሰሮችን እንዲያውቅ የታደሰ መሆኑን ገንዘብ ሳይከፍሉ ያረጋግጡ፤ ካልታደሰ ኮምፒውተሩ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። ማቀዝቀዣ ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶኑ ይመጣል፤ ይሁንና በድሬዳዋ ሙቀት ከፍ ያለ ማቀዝቀዣ ቢገዙ እመርጣለሁ። የዊንዶውስ ፈቃድዎንም አሮጌውን ቦርድ ከመፍታትዎ በፊት ከማይክሮሶፍት አካውንትዎ ጋር ያገናኙት።