ኮምፒውቴሽናል ሳይንስን ማይነር ለምታደርጉ ልጆች

ፊዚክስ፣ ባዮሎጂ ወይም ኢኮኖሚክስ እየተማራችሁ ኮምፒውቴሽናል ሳይንስን (የሳይንስ ጥያቄዎችን በኮምፒውተር ስሌት መፍታትን) ማይነር፣ ማለትም ከዋናው ትምህርት ጎን የሚወሰድ ሁለተኛ ዘርፍ፣ ልታደርጉ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ በዚህ ሥራ ፀጉሬን አሽብቻለሁ። ብዙ ተማሪ ማይነሩን የፕሮግራሚንግ ትምህርት አድርጎ ይይዘዋል። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ይለምዳል፣ ግራፍ ይሥላል፣ ይመረቃል። ይህ ይቆጨኛል። ዋናው ትምህርት ኮምፒውተሩ የሰጣችሁን ቁጥር መቼ ማመን እንዳለባችሁ ማወቅ ነው። እሱን የምታገኙት ኒውሜሪካል ሜተድስ ከሚባለው፣ በኮምፒውተር ግምታዊ መልስ የማግኛ ዘዴዎችን ከሚያስተምረው ኮርስ ነው።

እኔ የተማርኩት በመከራ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ሙቀት በአንድ የብረት ዘንግ ላይ እንዴት እንደሚሰራጭ የሚያሰላ ፕሮግራም ጻፍኩ። ዘንጉን 20 ቦታ ከፍዬ አሰላሁ፤ ጥሩ ሠራ። ይበልጥ ጥርት ይበልልኝ ብዬ 40 ቦታ ከፈልኩት። ያኔ ጉድ ፈላ። አንዱ ነጥብ በሺህ የሚቆጠር ዲግሪ ሲግል፣ አጠገቡ ያለው ከዜሮ በታች በሺህ ይወርዳል። ሦስት ቀን ሙሉ ኮዱን መስመር በመስመር ፈተሽኩት። ኮዱ ምንም አልነበረበትም። ችግሩ ያልነካሁት የጊዜ እርምጃ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ከአንዱ ስሌት ወደ ቀጣዩ የሚዘለው ጊዜ፣ ነበር። እኔ በተጠቀምኩበት ቀላል ዘዴ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ርቀት በግማሽ ከቀነሳችሁ፣ የጊዜ እርምጃውን ወደ አንድ አራተኛ ማውረድ ግድ ነው። አለዚያ ትንሿ ስህተት በየእርምጃው እየተባዛች መልሱን ትውጠዋለች። ኮርሱ ላይ ይህ የጥቂት ቀን ትምህርት ነው። እኔ ግን ቲዎሪ ይበዛበታል ብዬ ዘልዬው ነበር።

ቁጥሮቹም ራሳቸው መታወቅ አለባቸው። ፓይተን ላይ 0.1 እና 0.2 ደምሩ፤ 0.30000000000000004 ይላችኋል። 0.1 በሁለትዮሽ፣ ኮምፒውተሩ በሚጠቀምበት የ0 እና የ1 አጻጻፍ፣ ሲጻፍ ማለቂያ የለውም፤ ኮምፒውተሩ የሆነ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል። ይቺን አትናቋት። እ.ኤ.አ. በ1991 ሳዑዲ አረቢያ ውስጥ፣ ለ100 ሰዓት ያህል ሳይጠፋ የሠራ የፓትሪዮት ፀረ ሚሳይል ሰዓቱ በሰከንድ አንድ ሦስተኛ ገደማ ተዛነፈ። የሚመጣውን ሚሳይል ሳያገኘው ቀረ፤ 28 ወታደሮች ሞቱ። ሰዓቱ ጊዜን በ0.1 ሰከንድ ይቆጥር ስለነበር፣ መነሻው ያቺው የተቆረጠች 0.1 ነበረች።

ኮርስ ስትመርጡ ሊኒየር አልጀብራን አታዘግዩ። የአየር ትንበያም ሆነ የድልድይ ስሌት ውስጡ ሲታይ ትልልቅ ማትሪክስ (የቁጥር ሠንጠረዥ) ነው፤ እሱን የምትማሩት እዚያ ነው። ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን (ነገሮች እንዴት እንደሚለወጡ የሚገልጹ እኩልታዎች) ይከተል። ፓራለል ኮምፒውቲንግ (ስሌቱን ለብዙ ፕሮሰሰር አከፋፍሎ መሥራት) ደስ ይላል፣ ግን ይቆይ፤ መጀመሪያ በአንድ ፕሮሰሰር ትክክለኛ መልስ አግኙ። የትኛውን የፕሮግራም ቋንቋ ልማር ብላችሁ ብዙ አትጨነቁ። የማጠቃለያ ፕሮጀክታችሁን ደግሞ ከሜጀራችሁ ውሰዱት። በሙያችሁ መልሱ ሲበላሽ ዓይታችሁ ትለዩታላችሁ።

የቤት ሥራ ስትሠሩ ይህን ልማድ አድርጉት። መጀመሪያ መልሱን በወረቀት የምታውቁትን ቀላል ጥያቄ ለፕሮግራሙ ስጡት። ቀጥሎ እርምጃውን በግማሽ እየቀነሳችሁ ስህተቱን በሠንጠረዥ መዝግቡ። ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽንን በእርምጃ ከሚፈቱት ዘዴዎች ቀላሉ በሆነው በኦይለር ዘዴ ስህተቱም በግማሽ ገደማ መቀነስ አለበት። ይበልጥ ትክክለኛ በሆነው ዘዴ፣ በአራተኛ ደረጃው ሩንጌ ኩታ፣ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ካልወረደ፣ ግራፉ የቱንም ያህል ቢያምር የሆነ ቦታ ሳንካ አለ። መምህሩ ባይጠይቃችሁም ሠንጠረዡን ሪፖርታችሁ ላይ አስገቡት። እኔ ወጣት ባለሙያ ስቀጥር መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ገጽ ነው።