መልስ፦ «አሠሪዬ ሚዛን ቀንስ ይለኛል፣ ምን ላድርግ?»

ሰላም ወንድሜ። እንደጻፍከው ጅማ ውስጥ ቡና መረከቢያ ላይ ሚዛን ትይዛለህ። አሠሪህ «ለጆንያው» እያለ ከእያንዳንዱ 2 ኪሎ ያስቀንስሃል። ባዶው ጆንያ ግን 1 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሰውዬው ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችሁ ሽማግሌ ነው። «የገበያ ልማድ ነው ብዬ ልለፈው ወይ?» ብለሃል።

አትለፈው፣ ስርቆት ነው። እስቲ እናስላው። ከ17 ጆንያ ከባዶው ጆንያ ክብደት በላይ አንድ አንድ ኪሎ ሲነሳ አንድ ፈረሱላ (17 ኪሎ) ሞላ ማለት ነው። ያ የገበሬው ልፋት ነው። ምሳሌ 11፥1 «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» የሚለው ይህንኑ የአንተን ሥራ ነው። ኢየሱስን ለማየት ዛፍ ላይ የወጣው ግብር ሰብሳቢ ዘኬዎስም ይቅርታ ብሎ ብቻ አላለፈም፣ የበደልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። (እኛ ስንሰብከው ዛፉ ላይ እንቆይና ሂሳቡ ጋ ሳንደርስ ሰዓት ያልቃል።)

ደግሞ ጅማ ነው ያለኸው። ቡና ከሚያመጡልህ ገበሬዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። ክርስቲያን ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የሚያዩት እዚያው ሚዛንህ ላይ ነው።

ማቴዎስ 18፥15 እንደሚለው መጀመሪያ ለብቻው አናግረው። ሰው ፊት አታዋርደው። ባዶ ጆንያ ሚዛን ላይ አስቀምጥና «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ የምቀንሰው ይህንን ብቻ ነው» በለው። እምቢ ካለ የሚያከብራቸውን አንድ ሁለት ሰዎች ይዘህ ተመለስ። ሥራህን ልታጣ ትችላለህ፣ አልዋሽህም። ስለዚህ ከማናገርህ በፊት ሌላ ቦታ መጠያየቅ ጀምር።